አልጋው ሥር ያለው ሞተር

ቅዳሜ፣ ማርች 9፣ 2019
ከኳርትዛይት በስተደቡብ፣ አሪዞና

ለምወድሽ ልጄ ለጃኔል፤

ደህና መሆንሽን ከደብዳቤሽ አውቄያለሁ፤ ያልተሻለው ሰው አራት ገጽ ሙሉ አይቆጣም። ከርትና ልጆቹም ደህና ናቸው ብዬ ገምቻለሁ፣ ስለነሱ አንድ መስመር ባትጽፊም። የላክሽልኝን የአረጋውያን ቤት ሥዕልም አገላብጬ አይቼዋለሁ። ሳሎኑ ውስጥ የዓሣ ገንዳ አለ፤ ዓሦቹ ያምራሉ። እኛ ግን ወይ ፍንክች።

እንዳትሳሳቺ ልድገመው። አባትሽም እኔም አንመጣም። «ማርች 20 ከከርት ጋር ፒክአፑን ይዘን እንመጣለን፣ አባዬን እናሳፍራለን፣ ዕቃውን እንጭናለን፣ የምትኖሩባትን ቤት መኪና እዚያው ለፈለገ ሰው እንሰጣለን» ብለሻል። እኔ የት እንደምቀመጥ አልጻፍሽም፤ ከዕቃው ጋር ነኝ መሰለኝ። ከታች ደግሞ «እማዬ፣ ጀነሬተሩ ቢቆም ምን ልታደርጊ ነው? አንቺ እኮ አምፖል እንኳን ቀይረሽ አታውቂም» ብለሻል። እሷን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኳት። እውነትሽን ነው፣ ቀይሬ አላውቅም ነበር። ደብዳቤሽ ሰኞ ሲደርሰኝ ግን ጀነሬተሩ ከቆመ አንድ ቀን ሆኖታል፤ እኔም መጋዝ ይዤ አልጋ ላይ ቆሜያለሁ።

ይህን በስልክ ብነግርሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ በስልክ ግን አታስጨርሺኝም። አንቺ «ቆይ እማዬ» ስትዪ እኔ የምለው ይጠፋኛል። ደብዳቤ ላይ «ቆይ» የለም። ልጆቹን ወደ ውጭ ላኪያቸውና ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

እሁድ እኩለ ቀን ላይ ነው። አባትሽ የኦክስጅን ማሽኑን ቱቦ አፍንጫው ላይ አድርጎ ሬዲዮ ያዳምጣል፣ እኔ ድንች እልጣለሁ። ጀነሬተሩ ሁለት ጊዜ ሳል ሳል አለው፣ ትንሽ አቃሰተ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ማሽኑ ወዲያው መጮህ ጀመረ፤ መብራት ሲያጣ እንዴት እንደሚጮህ አንቺም ባለፈው ዓመት ሰምተሽዋል። ሮጬ ሄጄ የኦክስጅን ሲሊንደሩን ከፈትኩና ቱቦውን ቀየርኩለት። አባትሽ እኔን አላየኝም። ጆሮውን ወደ ወለሉ አዘንብሎ ያዳምጥ ነበር። ደንግጦ መሰለኝ።

ሲሊንደር ስድስት ነበረን፤ አንዱ ቢበዛ አምስት ሰዓት ያቆያል። ጣሪያው ላይ ያለው ሶላር ለአምፖልና ለሬዲዮ እንጂ ለማሽኑ አይበቃም። እንደ እግዜር ፈቃድ ጎረቤቶቻችን ሆይትና ግሌንዳ ነበሩ፤ የኢዳሆዎቹ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ብርዱን ሸሽተው መጥተው ከጎናችን የሚያቆሙት። ሆይት ትንሿን ጀነሬተሩን አስነስቶ ረጅም ገመድ ዘረጋልንና «ዶሪን፣ እስከ ቅዳሜ ጠዋት የናንተ ናት» አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት መሄዳቸው ነው፤ ግሌንዳ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ትሆናለች፣ ቀኑ ከተቆረጠ ሰንብቷል። ነገሩ ይኸው ነው ልጄ። እስከ ቅዳሜ የእኛ ጀነሬተር ካልተነሳ አባትሽ እዚህ በረሃ ላይ ከአንድ ቀን በላይ ማደር አይችልም፤ የዓሣ ገንዳው ቤት መግባቱ ነው። ስድስት ቀን ነበረኝ።

«ለምን አዲስ ትንሽ ጀነሬተር አትገዙም?» ትዪኛለሽ። እኔም ያልኩት እሱኑ ነው።

«ጤነኛ ጀነሬተር እያለኝ?» አለ አባትሽ።

«ጤነኛ?»

«ጤነኛ።»

በሽታው ጭንቅላቱ ላይ ወጣ ብዬ ደነገጥኩ። ከግሌንዳ ጋር ከተማ ወርጄ ሜካኒኩን አነጋገርኩት። ቤት መኪናችን የ1978 ሥሪት መሆኗን፣ ከአንቺ በሁለት ዓመት እንደምትበልጥ ነገርኩት። «እሷ ሙዚየም ነው የምትሄደው እንጂ እኔ ጋ አይደለም» አለኝ እየሳቀ። «ጀነሬተሩን ከሥር ለማውረድ መኪናዋ መነሳት አለባት፤ እሷን የምታነሳ ማንሻ የለኝም። ፊኒክስ ውሰጃት፤ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ተራ ታገኚ ይሆናል።» ተመልሼ ለአባትሽ ይህን ስነግረው በረጅሙ ተነፈሰ፤ ያም ለሱ ቀላል ሥራ አይደለም።

«እንግዲያው አንቺ ትሠሪዋለሽ» አለኝ።

«ማን?»

«አንቺ።»

አርባ ስድስት ዓመት ነው ጃኔል። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ የዚህን ሰውዬ የመፍቻ ሳጥን ከፍቼ አላውቅም፤ አያስከፍተኝማ። ሥራዬ የእጅ ባትሪ መያዝ ነበር፤ እሱንም «ወደዚህ አብሪው፣ ወደዚያ አላልኩም፣ ወደዚህ» እየተባልኩ። ያ ሰውዬ ነው ዛሬ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሞተር ፍቺ የሚለኝ። «ሆይት ይሥራው» አልኩት። «ሆይትን ወገቡን ያመዋል» አለኝ። ሆይት አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ እንደሰማ ወገቡን ያዝ አደረገ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ፣ ግን ማን ያስባል።

በውጭ በኩል ያለችውን የጀነሬተሩን ትንሽ በር ታውቂያታለሽ። በሷ በኩል ዘይት መለካትና ማስነሻውን መጫን ብቻ ነው የሚቻለው። እጄን ላስገባ ስል ክርኔ ላይ ሲደርስ ብረቱ አላሳልፍ አለኝ።

«ሌላ መግቢያ የለውም?» አልኩት።

«ከላይ አለው። ወለሉ ላይ ክዳን አለ።»

«የቱ ወለል?»

«የመኝታ ቤቱ።»

«መኝታ ቤቱ ወለል የለውም፤ ሙሉው አልጋ ነው።»

ኮፍያውን አስተካከለ።

«ቨርል፣ ክዳኑ አልጋው ሥር ነው?»

«ነው።»

«አልጋው ይነሳል?»

«አይነሳም። በኮላ ነው ያጣበቅኩት።»

ያ አልጋ ምን እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። ጡረታ የወጣ ጊዜ የአያትሽን የጎተራ በር አውልቆ፣ እንጨቱን ከነብራስካ እዚህ ድረስ ጭኖ፣ ሁለት ሳምንት ተኩል ሠራው። የመጣውን እንግዳ ሁሉ ጫማ አስወልቆ ያስገባና «አንዲት ቪቴ አትታይበትም» ይል ነበር። «እና የሞተሩ ክዳን ላይ ስትሠራው ምን አስበህ ነው?» አልኩት። «አይበላሽም ብዬ» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነው ያገባሁት። «በል መጋዙ የት እንዳለ ንገረኝ» አልኩት።

የእንጨት ብናኝ ለሳንባው ስለማይሆን ከነማሽኑ ሠላሳ እርምጃ ርቆ የሆይት ጥላ ሥር እንዲቀመጥ አደረግን፤ ቤንዚን በምነካበትም ቀን እንደዚያው። እንዳትጮኺ፣ ኦክስጅንና ቤንዚን ምን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ቆረጥኩ። ከላይ ያለው ጣውላ እንደ ቂጣ ይቆረሳል ብዬ ነበር፤ ከሥሩ ግን ድርብ ኮምፔንሳቶ ለጥፎበታል። ክንዴ እስኪዝል ቆረጥኩ፣ አረፍኩ፣ እንደገና ቆረጥኩ። በመስኮት ሳየው አይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። ግሌንዳ ውኃ ይዛልኝ ገባችና የተቆረጠውን አየችው።

«እኔ የሆይትን ሶፋ ለመቁረጥ ሠላሳ ዓመት ሰበብ ስፈልግ፣ አንቺ ምንኛ የታደልሽ ነሽ» አለችኝ።

ማክሰኞ ክዳኑን አነሳሁት። አይጥ ከብርድ ልብሴ ውስጥ ጥጥ እየነጨ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ላይ ጎጆ ሠርቷል። ጠረግኩት። ከዚያ የአባትሽ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የሚናገረው ሦስት ሦስት ቃል ነው፤ ከዚያ በላይ ሲናገር ትንፋሹ አይበቃውም። ርቀን ስላለን ሆይት በመካከላችን ይመላለሳል። «መጀመሪያ ባትሪውን ፍቺ ይላል» ይለኛል። «ፈትቼዋለሁ በለው» እለዋለሁ። «ዝም ብለሽ ፍቺ ይላል፣ ፈትቻለሁ ያልሽውን አላመነም።» አንዱን ቡለን ከፈታሁ በኋላ የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ። አባትሽ ኬክ መጋገሪያዬን አምጪ አለ፤ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ያለውን። እያንዳንዱ ቡለን በተፈታበት ተራ በየጉድጓዱ እንዲገባ። ልጅሽ ላሪ ልደቱን ሲያከብር ኬኩን ሌላ ሰው ይጋግርለት፤ የኔ መጋገሪያ ከእንግዲህ የቡለን ነው።

የፈታሁትን ሁሉ በመጋገሪያው ይዤለት እሄዳለሁ። አንድ በአንድ እያነሳ ይጠይቀኛል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ካንዴላ።»

«ሥራው?»

«እሳት መስጠት።»

«ይሄስ?»

«ፑንቲና።»

«ሥራው?»

«እኔን ማናደድ።»

ሳቀ። ሲስቅ ያስለዋል፤ እስኪበርድለት ሁላችንም ቆመን ጠበቅነው። ከዚያ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። እሳት እንዲመጣ በትክክለኛው ሰዓት የሚከፈትና የሚዘጋ ነው አልኩት። «እሺ» አለ። ከሱ አፍ «እሺ» ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ ላንቺ አይነገርም።

ረቡዕ ፑንቲናው ጠቁሮ ስለነበር በጥፍር ሞረዴ ጠረግኩት። አየር ማጣሪያውን አጠብኩ። ገጥሜ ጨረስኩ። እጄ ጥላሸት ብቻ ነው፣ ወገቤ ተሰብሯል፣ ግን ገጥሜዋለሁ፣ ቡለን አልተረፈኝም። ሆይት አየው፣ አልፎ አባትሽ ጋ ሄደ፣ ተመለሰ።

«ጥሩ ነው ይላል» አለኝ። «አሁን እንደገና ፍቺው ይላል።»

«ምን?»

«እንደገና። እሱ ሳይነግርሽ።»

መፍቻውን አሸዋው ላይ ወርውሬ ሄድኩበት። የሆዴን ሁሉ ነገርኩት። ልጅህ በሁለት ሳምንት ልትወስድህ ትመጣለች፣ ሆይት ሊሄድ ነው፣ ሲሊንደር እየቆጠርኩ ነው፣ አንተ ታጫውተኛለህ አልኩት። ጨርሶ አልተቆጣም። «አንሺው» አለኝ፤ መፍቻውን ማለቱ ነው። ቆሽቴ እያረረ አነሳሁት። ፈታሁት፣ ገጠምኩት። ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ሁለተኛው በግማሽ ሰዓት ነው ያለቀልኝ።

ሐሙስ ቤንዚን የሚያመጣው የጎማ ቱቦ ተሰነጣጥቆ አገኘሁት፤ ሆይት ካለው ቆርጦ ሰጠኝና ቀየርኩ። ማስነሻውን ተጫንኩ። ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይነሳም። አሥር ጊዜ ሞከርኩ። ያኔ ተሸነፍኩ። በቆረጥኩት አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ከዚያ ስልኬን ይዤ ኔትወርክ የሚይዝበት ኮረብታ ላይ ወጣሁ። ሐሙስ ከሰዓት ያልተነሳ ጥሪ አይተሻል አይደል? እኔ ነበርኩ። «ኑና ውሰዱን» ልልሽ ነው የደወልኩት። ሦስት ጊዜ ጠራ፣ አላነሳሽም፣ ዘጋሁት። ብታነሺው ኖሮ ይሄ ደብዳቤ አይኖርም ነበር። አላነሳሽም ብዬ አልቀየምሽም፤ ደግ አደረግሽ።

ከኮረብታው ስወርድ እያሰብኩ ነው። አባትሽ ሞተር ሦስት ነገር ይፈልጋል ብሎኛል፤ እሳት፣ አየር፣ ቤንዚን። እሳቱን ካንዴላውን አውጥቼ በአይኔ አይቼዋለሁ። አየሩን አጽድቻለሁ። የቀረው ቤንዚን ነው። የቤንዚን ጌጁ ግማሽ ላይ ነው፤ ግን ያ ጌጅ ግማሽ ላይ ከቆመ ስንት ዓመቱ ነው? ዓርብ ጠዋት አባትሽን ሳልጠይቅ የመኪናዋን ሞተር አስነሳሁ። ወዲያው ተነሳ። ስለዚህ ሁለቱም በሚጠጡበት ማጠራቀሚያ፣ በሰልባትዮው ውስጥ ቤንዚን አለ። አጠፋሁት። ከዚያ የጀነሬተሩን ጎማ ነቅዬ የማርመላታ ጠርሙስ ውስጥ ቤንዚን ቀድቼ ነከርኩት። ማስነሻውን ተጫንኩ።

ተነሳ ልጄ። አንዴ ነው የተጫንኩት። ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣ ጆሮዬ ደነቆረ፣ እኔም ደነቆርኩ። ጠርሙሱ እስኪደርቅ ሠራ፣ ደርቆ ሲያበቃ ሁለት ጊዜ ሳል ሳል ብሎ ቆመ፣ ልክ እንደ እሁዱ። እዚያው ተንበርክኬ አሰብኩ። ከጠርሙስ ይጠጣል፣ ከሰልባትዮ አይጠጣም። የመኪናዋ ሞተር ከዚያው ሰልባትዮ ይጠጣል። ሁለት ቱቦ ነው ማለት ነው፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ካልሆነ በቀር እንዲህ ሊሆን አይችልም።

ሠላሳውን እርምጃ ሄድኩ።

«ቨርል፣ የጀነሬተሩ ቱቦ ሰልባትዮው ውስጥ እስከ ታች ይደርሳል?»

አባትሽ ሆይትን አየው። ሆይት ቡትሱን አየ።

«አይደርስም» አለኝ።

«የት ላይ ይቀራል?»

«ሩብ ላይ።»

«ለምን?»

«ጀነሬተሩ ጨርሶት በረሃ ላይ እንዳትቀሪ። ለመውጫ እንዲተርፍሽ።»

ሆይትን ቤንዚን ካለህ አበድረኝ ብዬ ሳልጨርስ ከመኪናው ኋላ ሁለት ጀሪካን ይዞ መጣ። የተሞሉ። ግሌንዳ በኋላ እንደነገረችኝ ከሰኞ ጀምሮ እዚያው ተሞልተው ቆመዋል። ቀዳሁት፣ ጎማውን መለስኩት፣ ፓምፑ እስኪስብ ትንሽ ያዝ አድርጌ ቆየሁ፣ ተጫንኩት፣ ተነሳ። ይኸው እስካሁን እየሠራ ነው። ይሄን የምጽፍልሽ በሱ መብራት ነው።

ከዚያ ወደ አባትሽ ተመለስኩ።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«እሁድ። ሲስል።»

«እሁድ።»

«እሁድ።»

«አልጋዬን አስቆርጠኸኝ።»

«አልጋዬን ነው» አለኝ።

ኮፍያውን ከራሱ ላይ አንስቼ በኮፍያው መታሁት፣ ሁለት ጊዜ። ሆይትና ግሌንዳ ሥራ ያገኙ መስለው ከመኪናቸው ማዶ ዞሩ። ስድስት ቀን ሙሉ ሞቼ ነው የኖርኩት፣ ታውቅ ነበር፣ በራስህ ትንፋሽ ቁማር ትጫወታለህ ወይ አልኩት። ባላገኘውስ ኖሮ? «ዛሬ ማታ እነግርሽ ነበር» አለኝ። ለምን እንዲህ አደረግክ አልኩት። እጄን ያዘና ትንፋሹን ሰበሰበ፤ ረጅም ነገር ሊናገር ሲል እንዲያ ያደርጋል።

«ቤንዚን ነው ብልሽ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር» አለኝ። አረፈ። «በሚቀጥለው ጊዜ ቤንዚን አይሆንም። በሚቀጥለው ጊዜ እኔም አልኖርም።» እንደገና አረፈ። «ጃኔል መጥታ ልትወስድሽ ትችላለች። መሄድ ካማረሽ ሂጂ። ግን አልችልም ብለሽ አትሂጂ።»

ጃኔል፣ በየስልኩ «አባዬ እንዴት ነው?» ትዪኛለሽ፤ እኔም «ደህና ነው» እልሻለሁ። ደህና አይደለም። ዩማ ያለው ሐኪም በጃንዋሪ ተናግሮናል፤ በጋውን ጨርሶ ያያል ብሎ አያስብም። እዚያ ቤት ቢገባ ምን ይጨምርለታል ብዬ ጠየቅሁት፤ አልጋና ደወል እንጂ ሌላ የለም አለኝ። ያልነገርንሽ ስለማንወድሽ አይደለም፤ በማግስቱ ፒክአፑን እንደምታስነሺ ስለምናውቅ ነው። አባትሽ ጠዋት በሩን ከፍቶ ተራራው ሲቀላ ማየት ይፈልጋል። የሚፈልገው ይኸው ብቻ ነው፣ ብዙ አልጠየቀም። እሱን እዚህ ማቆየት እችል ወይ አልችል ነበር ጥያቄው፤ ያንን አንቺም እኔም አናውቅም ነበር። እሱ ግን ያውቅ ነበር መሰለኝ፣ ወይም ለማወቅ ሲል አልጋውን ሰጠ።

ፈርቻለሁ። ይሄንንም ልንገርሽ። እሱ ያልፍና እኔ ብቻዬን አንድ ቀን ጠዋት እነሳለሁ። ግን ያን ቀን ጠዋት የምነሳው የት እንደሆነ የምወስነው እኔ ነኝ። አንቺም አይደለሽ፣ ከርትም አይደለ፣ የተበላሸ ሞተርም አይደለ። በጋው ሲከር ወንዝ ዳር እወርዳለሁ፣ ብርዱ ሲመጣ እመለሳለሁ። ሰልቸት ካለኝ ደግሞ አንድ ቀን ራሴ እየነዳሁ ነብራስካ በርሽ ላይ ትሰሚኛለሽ፤ ያኔ የዓሣ ገንዳውን ራሴ ሄጄ እጎበኛለሁ።

ሆይትና ግሌንዳ ዛሬ ጠዋት ሄዱ። ገመዳቸውን ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ግሌንዳ አልቅሳ አስለቀሰችኝ፤ ለጉልበቷ ጸልዪላት። የተቆረጠውን የአልጋ ጣውላ ማጠፊያ አድርጌበታለሁ፤ አሁን እንደ ሳጥን ይከፈታል። መስመሩ ጠማማ ነው፣ ቪቴዎቹም ይታያሉ፣ አባትሽም ሲያየው ፊቱን ያጨማድዳል። ይልመደው።

ማርች 20 ኑ። አትቅሩ። ልጆቹንም ይዘሻቸው ነይ፣ አያታቸውን ይዩት፣ ሳይረፍድ ይዩት። ፒክአፑ ግን ባዶውን ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ደግሞ በየትኛውም ወር ብትመጪ እዚሁ ታገኚኛለሽ። ሁለታችንን ታገኚያለሽ አላልኩም፤ እኔን ግን ታገኚኛለሽ።

ጌታ ቤትሽን ከክፉ ይሰውርልሽ፤ እጅሽ የነካው ይሥራልሽ፤ ልጆችሽ ለዓመታት ይከራከሩሽ፣ አንቺ እኔን እንደምትከራከሪኝ። ለላሪና ለታናሹ በየጉንጫቸው ሁለት ሁለት ጊዜ ሳሚልኝ።

የምትወድሽ እናትሽ፣
ዶሪን

አባትሽ እኔም ልጻፍ ስላለ እስክሪብቶውን ሰጥቼዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው የሱ ነው፤ ጽሑፉ ጠማማ ነውና ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ጃኔል፣ እኔ አንድም ነገር አልነካሁም። አባትሽ።